ሽማግሌ የተላከበት ማስተርስ

ከአርባ ዓመት በኋላ ተማሪ መሆንን የመሰለ ደስታ የለም። በልጅነቱ የሚማር ሰው ያሳዝነኛል፤ የያዘውን ነገር ዋጋ አያውቀውም። ክፍል ውስጥ ያዛጋል፣ ደወል ይጠብቃል፣ መምህሩ ታመመ ሲባል ኳስ ይዞ ይወጣል። ጎልማሳ ተማሪ ግን መምህሩ ትንሽ ካረፈደ ስልክ ይደውላል። የት ደረሱ ይላል። የፊት ወንበር ለመያዝ ከእኩዮቹ ጋር ይጋፋል። የሚጋፋው ጎበዝ ስለሆነ ነው እንዴ? የለም፤ ከኋላ ሆኖ ሰሌዳው ስለማይታየው ነው። ቢሆንም ይጋፋል፤ ዋናው መጋፋቱ ነው።

እኔ ግርማ፣ ጅማ ከተማ ውስጥ የአንድ ለስላሳ መጠጥ አከፋፋይ የመጋዘን ኃላፊ ነኝ። በሥራ ቀን ሳጥን አስጭናለሁ፣ ሳጥን አስወርዳለሁ፣ ጠርሙስ ሰብሮ መጥቶ በመንገዱ ከሚያሳብብ ሹፌር ጋር እከራከራለሁ። ቅዳሜና እሁድ ሲሆን ግን ሌላ ሰው እሆን ነበር፤ የኤግዚኪዩቲቭ ኤም ቢ ኤ ተማሪ። እስቲ ቃሉን ደግማችሁ በሉት፤ ኤግዚኪዩቲቭ! አፍ ይሞላል እኮ። የመጀመሪያው ቅዳሜ ጠዋት ከሰፈሬ ከመንደራ ቆጪ ባጃጅ ተሳፍሬ፣ ሹፌሩ ወዴት ልውሰድዎት ጋሼ ሲለኝ፣ ኮሌጁን በስሙ መጥራት ሲገባኝ ደረቴን ነፍቼ "ወደ ኤግዚኪዩቲቭ" አልኩት። ሹፌሩ ትንሽ አሰበና ሰፈሩን እንደማያውቀው፣ ከሄርማታ ገበያ ወዲህ ይሁን ወዲያ እንድነግረው በትሕትና ጠየቀኝ።

ትምህርቱ ክፍል ውስጥ አልቀረም፤ ቤቴ ድረስ ገባ። ባለቤቴ ሙሉ፣ ሽንኩርት ግዛ ስትለኝ የፍላጎት ዳሰሳ ተደርጎ እንደሆነ እጠይቅ ጀመር። ልጆቼን ሰብስቤ ስለ ቤታችን ራዕይ ሐሳብ እንዲያዋጡ ጋበዝኳቸው። ትንሿ ልጄ ቴሌቪዥኑ በትልቅ ይለወጥ የሚል ራዕይ አቀረበች። ሙሉ በበኩሏ ትምህርት ከመጀመሬ በፊት ሰው እንደነበርኩ፣ አሁን ግን ስብሰባ እንደሆንኩ ገለጸችልኝ። ምን ታድርግ? ቅዳሜ የለሁም፣ እሁድ የለሁም፤ በሥራ ቀን ደግሞ ኖሬም የለሁም፣ መጽሐፍ ውስጥ ነኝ። እኔ ግን፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ በሕይወቴ እንደዚያ ጊዜ ተደስቼ አላውቅም። አዲስ ነገር በሰማሁ ቁጥር አንጀቴ ቅቤ ይጠጣል። ሰኞ መጋዘን ስገባ የኮካ ሳጥኖቹን ሳይቀር ሰላም ልላቸው ይዳዳኝ ነበር።

አንድ እሾህ ብቻ ነበረች። አለቃዬ ቅዳሜን የለቀቀልኝ ትምህርቱ ያልቃል እስከተባለበት ጊዜ ድረስ ብቻ ነው። ዘንድሮ ከጨረስክ ጨረስክ፣ ካልጨረስክ ቅዳሜህ የእኔ ነው ብሎ ቁርጤን ነግሮኛል። እሱ ደግሞ ቁርጥ ሲናገር ቁርጥ ነው።

የመጨረሻው ሥራችን የቡድን ጥናት ነበር። ከአዲስ አበባ እየተመላለሰ የሚያስተምረን ዶክተር፣ አንድ እውነተኛ ድርጅት ውስጥ ገብታችሁ ባለቤቱ እንዴት እንደሚያስብና እንዴት እንደሚወስን አይታችሁ አምጡ አለን። እስከ ሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ የባለቤቱን ፈቃድ ያላመጣ ቡድን ከሚቀጥለው ዙር ጋር ይመረቃል። ለሌላው ሰው ይህ መዘግየት ነው፤ ለእኔ ግን ማለቂያዬ ነው። የሚቀጥለው ዙር ሲማር እኔ ሳጥን ስቆጥር ልውል ነው።

ቡድናችን አራት ሰው ነው። ኢንጂነር ተስፋዬ ፀጉሩ ጥጥ የመሰለ ተቋራጭ ነው፤ ጨው አቀብሉኝ ሲል እንኳ ሸንጎ ፊት የቆመ ይመስላል። ከድር ሄርማታ የመኪና መለዋወጫ ይሸጣል፤ የጅማ ልጅ ነው፣ ኦሮምኛና አማርኛን በአንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ያለ ፍሬን ይነዳቸዋል። ፎዚያ ባንክ ትሠራለች፤ የቡድኑ ጭንቅላት እሷ ናት፣ ይህን የምንናገረው ግን እሷ በሌለችበት ነው። አራተኛው እኔ ነኝ፤ የእኔ ድርሻ መደሰት ነበር።

ለመሆኑ ነጋዴን ልናጠናህ ነው ብላችሁት ታውቃላችሁ? አትሞክሩት። ሄርማታ ውስጥ ያልገባንበት ሱቅ የለም። ጥናት የምትለው ቃል ከአፋችን ስትወጣ ባለሱቁ ዓይኑ ከኋላችን ግብር ሰብሳቢ ይፈልጋል። አንዱማ ሱቁ የእሱ እንዳልሆነ፣ ባለቤቱ ወጣ ስላለ ዕቃ እየጠበቀለት እንደሆነ ምሎ ነገረን። ፎቶው ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ከበላያችን እየሳቀ ነው እኮ! ተስፋ ልንቆርጥ ስንል ከድር ሐጂ ጀማልን አስታወሰ። ሐጂ ጀማል ከጅማ ወጣ ብላ ባለችው ሰቃ ከተማ ቡና የሚገዙ፣ የሚያጥቡ፣ የሚሸጡ፣ ስማቸው የተከበረ ሰው ናቸው። ከከድር አባት ጋርም ሰላምታ አላቸው። በቃ፣ ወደ ሰቃ!

እሁድ ጠዋት ተነሣን። ፎዚያ ልጇን ትኩሳት ስለያዘው ቀረች። እሷ ብትኖር ኖሮ የምነግራችሁ ነገር ሁሉ አይደርስም ነበር። ከሰዓት በኋላ ክፍል ውስጥ የምናቀርበው ነገር ስለነበረን ሦስታችንም ሙሉ ልብስ ለብሰን ከረባት አስረናል። ከድር እንዲህ ያለ ቤት ባዶ እጅ መግባት ነውር ነው ብሎ ስኳርና ለሐጂ ዱዓ የሚሆን ጫት ገዛ። መንገድ ላይ የዶክተሩን ምክር እየከለስን ሄድን፤ ሥራ የሚበዛበት ሰው ፊት ስትቀርቡ አትንዛዙ፣ ወንበር አትሹ፣ ቆማችሁ ጉዳያችሁን አስቀድሙ።

እንግዲህ አስቡት። እሁድ ጠዋት ነው። ሙሉ ልብስ የለበሱ ሦስት ጎልማሶች፣ መሪያቸው ሽበታም፣ ስኳርና ጫት ይዘው ሳይጠሩ አንድ ግቢ ይገባሉ። ግቢው ውስጥ ለትዳር የደረሰች ልጅ አለች፤ እኛ መኖሯንም አናውቅ። ሐጂ በረንዳ ላይ ቆመው "ኮታ፣ ገላ!" ብለው ተቀበሉን፤ ኑ ግቡ ማለታቸው ነው። ወንበር አሳዩን። ኢንጂነር ተስፋዬ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ ጉዳያችንን ሳንናገር አንቀመጥም አላቸው።

ጉዳዬን ሳልናገር አልቀመጥም የሚል እንግዳ በዚህ አገር አንድ ዓይነት ብቻ ነው፤ ልጅ ለመጠየቅ የተላከ ሽማግሌ። ይህን የማያውቅ ሰው አለ? የለም። እኛ ግን ኤግዚኪዩቲቭ ሆነናልና አልታየንም። የአገሩ ልጅ ከድር እንኳ ከሰዓት የሚያቀርበውን በልቡ እየሸመደደ ነበር።

ሐጂ ጀማል ፈገግ አሉ። ቆባቸውን አስተካከሉ። ወደ ጓዳ ገብተው ነጠላ ጫማቸውን በቆዳ ጫማ ለውጠው ተመለሱ። ስኳሩን ከእጄ የተቀበለችው እህታቸው ለምን ያን ያህል እንደሳቀችልኝ አልገባኝም፤ እኔም ደስ ብሎኝ ሳቅኩላት። የጓዳው መጋረጃ ተነቃነቀ። ተቀመጡ አሉን፣ አንቀመጥም አልን። በቤቴ ቆሞ የሚቀር እንግዳ የለም አሉ፣ ጉዳያችን ይቅደም አልን። እምቢ ባልን ቁጥር ይበልጥ እየወደዱን መጡ። እኔ በልቤ፣ ይሄ ዶክተር ምን ዓይነት አዋቂ ነው፣ የነገረን ሁሉ ይሠራል እኮ እላለሁ።

ኢንጂነሩ ንግግሩን ጀመረ። እኛ ሥራ ያለን፣ የታወቅን የጅማ ሰዎች ነን አለ። የዚህን ቤት መልካም ስም ሰምተን፣ ትልቅ ጥያቄ ይዘን መጥተናል፣ እምቢ ብለው እንዳያሳፍሩን አለ። ይህ መግቢያው ነው፤ ዋናው ገና ሊመጣ ነው። ሐጂ ግን እጃቸውን አንስተው አስቆሙትና ገብቶኛል አሉ። ጉዳዩ በአንድ ቀን የሚመለስ እንዳልሆነ፣ አጋሮ ያለው ወንድማቸው መስማት እንዳለበት፣ በሁለት ሳምንት ብንመለስ ኢንሻአላህ መልስ እንደምናገኝ ነገሩን።

ሁለት ሳምንት! ቅዳሜዎቼ ሁሉ ተሰልፈው ሲሰናበቱኝ ታዩኝ። ዓይኔን በጨው አጥቤ ጣልቃ ገባሁ። ሐጂ ይቅርታ ያድርጉልኝና ሁለት ሳምንት መጠበቅ አንችልም፣ እስከ ቅዳሜ ካልሆነ ወደ ሌላ ቤት መሄዳችን ነው አልኳቸው።

የሐጂ ፊት ተለዋወጠ። መጋረጃውን በቁጣ አዩት። ከዚያ ወደ እኔ ጠጋ ብለው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ የሚያቻኩል ነገር ተፈጥሮ እንደሆነ እንዳልደብቃቸው ለመኑኝ። እኔም ሐቀኛ ሰው ነኝና፣ አዎ፣ ጊዜው ደርሶብናል አልኳቸው። ሐጂ ክው ብለው አግዳሚው ላይ ቁጭ አሉ። ትንፋሻቸውን ሰብስበው፣ ልጁ ለመሆኑ የማን ልጅ ነው ብለው ጮኹ። ኢንጂነሩ በፍጹም ጨዋነት፣ የትኛው ልጅ ሲል ጠየቃቸው።

ከድር ይህን ጊዜ ነቃ። ስኳሩን አየ፣ ከረባታችንን አየ፣ መጋረጃውን አየ፤ ፊቱ ቲማቲም መሰለ። በኦሮምኛ እየጀመረ በአማርኛ እየጨረሰ፣ መሐል ላይ ወላሂ እየጨመረ፣ እኛ ተማሪዎች መሆናችንን፣ የመጣነውም ለልጃቸው ሳይሆን ለቡና ሥራቸው መሆኑን አስረዳ። ሐጂ አንድ በአንድ አዩን። መሬት ብትውጠኝ እመርጥ ነበር። ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ሳቅ ነው! በቆባቸው ዕንባቸውን እስኪጠርጉ ድረስ ሳቁ። እህታቸው ከጓዳ ብቅ ብላ ሌላውን ጉድ ነገረችን። ልጃቸው ሐያት ሙሽራው ከሦስቱ የትኛው ይሆን ብላ በመጋረጃው ጫፍ ስታየን ቆይታ፣ አጎቷ ጋ ወደ አጋሮ ለመጥፋት ቦርሳዋን እያዘጋጀች ነበር። ማናችንም ሙሽራ እንዳልሆንን ስትሰማ አልሐምዱሊላህ ብላ ተቀመጠች አሉ። እኔ ባለትዳር ነኝ፣ የልጆች አባት ነኝ፤ ግን ትንሽ ከፋኝ።

ሳቁ ሲበርድ ትክክለኛውን ጥያቄ አቀረብን። ሐጂ ወዲያው ኮስተር አሉ። ልጄን ብትጠይቁኝ እንመካከር ነበር አሉ። ቡና ከማን እንደምገዛ፣ የቱን ጭነት ለምን እንደምመልስ ግን ለገዛ ወንድሜም ነግሬ አላውቅም። አሁን ተቀመጡና ምሳ በሉ አሉን። ተቀመጥን፣ በላን። ምግቡ ግሩም ነበር፤ እኔ ግን የዲግሪዬን ተዝካር የምበላ መሰለኝ።

ፎዚያ የሆነውን ስንነግራት መጀመሪያ እስኪያስላት ሳቀች። ቀጥላ አንድ እሁድ ብቻችንን ብትተወን ሰው ቤት ገብተን ልጅ ልናሳጣ እንደነበር በዝርዝር ነገረችን። ከዚያ በኋላ ነው እንግዲህ ጭንቅላቷ የሠራው። ሰውየው ሽማግሌ ሲመጣበት ጫማ ለውጦ እንደሚቀበል አይታችኋል፤ ታዲያ እውነተኛ ሽማግሌ ለምን አንልክም አለች። ለማን? ለጥናቱ! ኢንጂነሩ ይህ በየትኛው መጽሐፍ ተጽፏል ብሎ ተከራከረ። ፎዚያም የእሱ ንግግርስ በየትኛው መጽሐፍ ተጽፎ ነው ይህን ሁሉ ያመጣብን ብላ መለሰችለት።

ሼህ አወል ሄርማታ ውስጥ ልብስ የሚሰፉ አባት ናቸው፤ ያላጋቡት ቤት፣ ያላስታረቁት ጎረቤት የለም። እሳቸው ዘንድ ሄደን ጉዳዩን ስንነግራቸው ልጅቷ የማን ናት አሉ። ልጅ የለችም አልን። መነጽራቸውን አውልቀው አዩን። ሙሽሪት ቡና ማጠቢያ ጣቢያ መሆኗ ሲገባቸው ተፍለቀለቁ፤ ማሻአላህ፣ ይቺ እንኳ አማቷን አትጣላም አሉ። ከመንደራ ቆጪ ጡረተኛውን መምህር አቶ ወልዴን፣ ከሰቃ ደግሞ አንድ ቡና ገበሬ ጨምረው በሳምንቱ መካከል ተጓዙ።

ሐጂ ጀማል ሌላ ሦስት ሰው በረንዳቸው ላይ ተገትሮ አንቀመጥም ሲላቸው ጭንቅላታቸውን ያዙ አሉ። ግን ምን ያደርጋሉ? ሽማግሌ አቁሞ የሚያሰናብት ሰው በዚያ አካባቢ የለም። እንደ ወጉ ሁለት ሳምንት አሉ። ሼህ አወል ሙሽራው በጣም ቸኩሏል፣ አለቃ አለበት ብለው ተማጸኑ። ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ተባለ። እኔ ዓርብ ዕለት መጋዘን ውስጥ ስልኬን እንደ ታቦት ይዤ ስዞር ዋልኩ። ሲጠራ ዘልዬ አነሣሁት። ሼህ አወል ናቸው፤ ተፈቅዷል፣ ሰጥተውናል አሉኝ።

ጮህኩ! ጠርሙስ የሚሰብረውን ሹፌር አቅፌ ሳምኩት። ሐጂ ስማቸው እንዳይጻፍ፣ ቀዩ ቡና ደርሶ ለቀማ ሳይጀመር ጨርሰን ከግቢያቸው እንድንወጣ፣ እንዲሁም ኢንጂነር ተስፋዬ ግቢው ውስጥ ንግግር እንዳያደርግ ቃል አስገብተዋል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ቀላል ነበሩ።

ገባን፣ አየን፣ ጠየቅን፣ ጻፍን። ሐጂ ከጀመሩ በኋላማ ማን ያስቆማቸው! ይህን ሁሉ ዓመት የሚሰማቸው ሰው አጥተው ኖሯል። ጥናቱን ባቀረብንበት ቀን ሽማግሌዎቹ በክብር እንግድነት የፊት ወንበር ያዙ። ሼህ አወል በስክሪኑ ላይ ሥዕል በተለወጠ ቁጥር ማሻአላህ ይላሉ። ዶክተሩ፣ ሌላው ቡድን የተዘጋበትን በር እናንተ እንዴት አስከፈታችሁ ብሎ ጠየቀ። ሽማግሌ ልከን አልነው። ሊስቅ ነው ብዬ ስጠብቅ፣ ይህ የጥናቱ ዘዴ ምዕራፍ ውስጥ በሚገባ ይገለጽ ብሎ አዘዘን። አለፍን! ገዋን ለብሼ ስሜ ሲጠራ ማልቀሴን አልደብቅም፤ ሙሉም አለቀሰች። እሷ ያለቀሰችው በመገላገሏ መሆኑን ያወቅሁት በኋላ ነው።

ምክንያቱም በምረቃው ማግሥት ቁርስ ላይ፣ ደስታዬ ገና ሳይበርድ፣ ዶክትሬት ልቀጥል መሆኔን አበሰርኳት። አለቃዬን በግማሽ ቅዳሜ አሳምኜዋለሁ። ሙሉ ምንም አልተናገረችም። ዝም ስትል መፍራት ነበረብኝ፤ እኔ ግን እንደተስማማች ቆጠርኩት።

በሚቀጥለው እሁድ ጠዋት የቤቴ በር ተንኳኳ። ሦስት ሰዎች ሙሉ ልብስ ለብሰው ቆመዋል፤ ሼህ አወል፣ አቶ ወልዴ፣ የሰቃው ገበሬ። በደስታ ግቡ፣ ተቀመጡ አልኳቸው። ጉዳያችንን ሳንናገር አንቀመጥም አሉኝ! ሙሉ ናት የላከቻቸው። ሼህ አወል በእርጋታ፣ ልጆቹ መልክህን ሊረሱት ነው፣ ሚስትህ ትምህርት አትጠላም፣ ግን ይብቃህ ትላለች፣ እምቢ ብለህ እንዳታሳፍረን አሉ። ሙሉ በጓዳው በር በኩል ቆማ መሬት መሬት ታያለች። በጣም ነው የምወዳት፤ ትምህርቱንም በጣም ነው የምወደው።

ራሴን ለመከላከል ያህል ብቻ ትምህርት ምን እንዳደረገልኝ ማስረዳት ጀመርኩ። በዚህ ዕድሜዬ ጠዋት ስነሣ የሚያጓጓኝ ነገር እንዳለ፣ ስንት ዓመት ያለፍኩበትን መንገድ አዲስ ሆኖ እንደማየው፣ ከማላውቀው ሰው ጋር በማላውቀው ነገር ላይ መከራከር ምን ያህል ደም እንደሚያሞቅ ነገርኳቸው። ከዚያ ሼህ አወል፣ ማንም ተቀመጡ ሳይላቸው፣ ወንበር ስበው ቁጭ አሉ። አቶ ወልዴም ተከተሏቸው። ሼህ አወል ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ያ የቅዳሜና እሁዱ ነገር በእሳቸው ዕድሜ ያለ ሰው ይቀበል እንደሆነ ጠየቁኝ። መጀመሪያ ሌላ ዲግሪ እንደሚያስፈልግ ነገርኳቸው። ታዲያ ከእሱ እንጀምራለና፣ ምዝገባው መቼ ነው አሉ።

ሙሉ አሁን ለሽማግሌዎቹ የሚላክ ሽማግሌ እያፈላለገች ነው።